ከላሚንግ እስከ ማክአሊስተር፦ የእንግሊዝ የሕፃናት ጥበቃ አጣሪ ኮሚሽኖች ምን አስተካከሉ? ምንስ አበላሹ?

ፋኖስ (የክሩ መክፈቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሌላ ክር ላይ «መንግሥት ኮሚሽን ያቋቁማል፣ ወፍራም ሪፖርት ይወጣል፣ ቆይቶ ሌላ ልጅ ይሞታል» የሚል አስተያየት አነበብኩ። ቁጭቱ ይገባኛል። ነገር ግን እንግሊዝ አገር የወጡት ሪፖርቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ትክክለኛውን ጉድለት ነቅሶ አውጥቷል፣ አንዱ በቅን ልብ የጻፈው ምክር ራሱ ሥራውን አክብዶታል፣ አንዱ ደግሞ ገንዘብ አጥቶ ተንጠልጥሏል። በጅምላ ከማማት ለየብቻቸው ብናያቸው ይሻላል።

ሦስቱን ለውይይት አቀርባለሁ፦ የሎርድ ላሚንግ (2003)፣ የፕሮፌሰር አይሊን መንሮ (2011) እና የጆሽ ማክአሊስተር (2022)። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው «እንግሊዝ» ስል እንግሊዝን ብቻ ማለቴ ነው።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ሪፖርት የሚመዘነው በምክሮቹ ብዛት አይደለም። አንዲት ሶሻል ወርከር ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ቀኗን የምታውልበትን ነገር ለውጧል ወይ? ልጁ ዘንድ የምትደርስበትን ሰዓት ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? እኔ የማየው ይህንን ነው። የማትስማሙ ካላችሁ ከነምክንያቱ ጻፉ።

የወንዝ ዳር

በላሚንግ ልጀምር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ወይ እሱን ለመፈጸም ወይ እሱን ለማረም የተደረገ ነውና።

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ከአይቮሪ ኮስት፣ በፈረንሳይ በኩል፣ በሚያዝያ 1999 ለንደን ገባች። ያመጣቻት የአባቷ አክስት ናት። የካቲት 25 ቀን 2000 ሆስፒታል ውስጥ አረፈች፤ ዕድሜዋ 8 ዓመት ከ3 ወር፣ ሰውነቷ ላይ የተቆጠረው ጉዳት 128። በእነዚያ አሥር ወራት የአራት ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ማኅበራዊ አገልግሎቶች፣ ሁለት የፖሊስ የሕፃናት ጥበቃ ቡድኖችና ሁለት ሆስፒታሎች ያውቋት ነበር። ላሚንግ እሷን ማዳን ይቻልባቸው የነበሩ 12 አጋጣሚዎችን አንድ በአንድ ዘረዘረ።

ከሪፖርቱ ሁሉ ማንም ሊያነበው የሚገባው ስለ እከኩ የተጻፈው ይመስለኛል። በሐምሌ 1999 ልጅቷ ገላዋ ላይ ቁስል ታይቶ ሆስፒታል ተወሰደች። መጀመሪያ ያዩዋት ሐኪም «ይህ ሰው ያደረሰው ጉዳት ነው» ብለው ጠርጥረው፣ ወደ ቤት እንዳትመለስ ፖሊስ በጥበቃው ሥር አደረጋት። ከዚያ ከፍተኛዋ ሐኪም አይተው «እከክ ነው» አሉ፤ የፖሊሱ ጥበቃ በማግሥቱ ተነሣ፣ ልጅቷም ወደ ቤት ተመለሰች። አሥር ቀን ሳይሞላ ጭንቅላቷ በሙቅ ውሃ ተቃጥሎ ሌላ ሆስፒታል ገባች። አክስቲቱ «እከኩ ሲያሳክካት እንዲሻላት ብዬ ሙቅ ውሃ አፈሰስኩባት» አለች። ያቺ አንዲት ቃል እንደገና ሽፋን ሆነች። ሦስተኛውን ጉዳት ደግሞ ልብ በሉ፦ ጉዳዩን የያዘችው ፖሊስ ቤቱን ሄዳ ሳታይ የቀረችው እከክ እንዳይጋባባት ፈርታ ነው። አንድ የተሳሳተ ምርመራ በሦስት መሥሪያ ቤት ሦስት የተለያየ ጥፋት ሠራ፤ ምክንያቱም መልሶ «እርግጠኛ ነን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ላሚንግ 108 ምክሮች ሰጠ፤ አብዛኞቹን በስድስት ወር ውስጥ ፈጽሙ ብሎ ቀነ ገደብ አስቀመጠላቸው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ሕጉ በመሠረቱ ደህና እንደሆነና የጎደለው አፈጻጸሙ እንደሆነ መጻፉን ነው። መንግሥት የመለሰው ግን በአዲስ ሕግ ነው፤ የ2004ቱ የሕፃናት ሕግ ማለት ነው።

ምሥራቅ በር

እናመሰግናለን። አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አለኝ። «አጣሪ ኮሚሽን»፣ «ግምገማ»፣ «ጥናት» የሚባሉት በሕግ ልዩነት አላቸው? ወይስ የስም ጉዳይ ነው? ባለፈው ክር ሕጉን ሲያስረዱ ያየኋቸው ዳር ድንበር ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ዳር ድንበር

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ላሚንግ በሦስት ሕጎች ሥልጣን የተቋቋመ አጣሪ ነበር፤ አንዱ የሕፃናት ሕግ፣ አንዱ የጤና አገልግሎት ሕግ፣ አንዱ የፖሊስ ሕግ። ሦስት ያስፈለገው ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ስላጠፉ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አጣሪ ምስክር በመጥሪያ ያስቀርባል፣ ሰነድ ያስመጣል፣ ምስክሩም በቃለ መሐላ ይጠየቃል። ዛሬ ይህ ሁሉ በ2005ቱ የአጣሪዎች ሕግ ተጠቃሏል። መንሮና ማክአሊስተር ግን ሚኒስትር የሾማቸው ግምገማ መሪዎች ናቸው። ማንንም አስገድደው ማስመስከር አይችሉም፤ በግብዣ፣ በጉብኝትና በጽሑፍ በሚላክላቸው መረጃ ነው የሚሠሩት።

ጥቅምና ጉዳቱ እንዲህ ነው። የማስገደድ ሥልጣን ያለው «ማን ምን አደረገ፣ መቼ አወቀ» ለሚለው ጥያቄ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሁሉም ጠበቃ ይዞ ይቀርባል፤ ጠበቃ የያዘ ሰው ደግሞ ሐሳብ አያካፍልም፣ ራሱን ይከላከላል። ላሚንግ ይህንን አውቆ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የምስክር ችሎት ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያዎች ያለ ክስ መንፈስ የሚወያዩበት አምስት ሴሚናር።

የማስገደድ ሥልጣን ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚበላ ማየት የፈለገ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት አጣሪውን ይመልከት። በ2014 ታወጀ፤ በ2015 በአጣሪዎች ሕግ ሥር ገባ። አራተኛዋ ሰብሳቢ አሌክሲስ ጄይ እስኪሾሙ ድረስ ሦስት ሰብሳቢዎች ለቀቁ። የመጨረሻው ሪፖርት ጥቅምት 2022 ሲወጣ ወጪው ከ180 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ነበር። በአንጻሩ መንሮ ሥራዋን ከሰኔ 2010 እስከ ግንቦት 2011 ባለው ጊዜ በሦስት ሪፖርት ጨረሰች። ጥያቄው ሌላ ስለሆነ ነው እንጂ አንዱ ጎበዝ ሌላው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። «ሥራው ለምን እንዲህ ሆኖ ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መጥሪያ አያስፈልግም።

ምሥራቅ በር

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እንግዲህ ከ2004ቱ ሕግ በኋላ ምን ተበላሸ? ፋኖስ «በቅን ልብ የጻፈው ምክር ሥራውን አክብዶታል» ያልከው የትኛውን ነው?

ፋኖስ

ላሚንግ መረጃ እንዳይጠፋ፣ ሥራ እንዳይዘገይ፣ አለቃ እንዲቆጣጠር ፈለገ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ቅጽና ሰዓት ቆጣሪ ሆኑ።

በኮምፒውተር የሚሞላ አንድ ወጥ የጉዳይ መዝገብ በሁሉም ካውንስል ገባ። የመጀመሪያ ምዘና በ7 የሥራ ቀን፣ ጥልቅ ምዘና በ35 የሥራ ቀን ማለቅ አለበት የሚለው፣ ከላሚንግ በፊት በ2000 የወጣው ገደብም ከመዝገቡ ጋር ተቆራኘ። ካውንስሉ የሚመዘነው በመቶኛ ነው፤ ስንቱን በቀኑ ጨረሰ? ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ጉዳዩ ቀይ ይሆናል። እዚህ ላይ ሶሻል ወርከሯን አስቧት። አምስተኛው ቀን ላይ ልጁን ለብቻው አላነጋገረችውም፤ እናትየው ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዛለች፤ የትምህርት ቤቱ መልስ አልመጣም። ሁለት ምርጫ አላት። ወይ ልጁን እስክታገኘው ጠብቃ በቀይ ማለፍ፣ ወይ ባላት መረጃ ሳጥኖቹን ሞልታ መዝጋት። አለቃዋ የሚጠየቀው ስለ ቀዩ ነው። ስለዚህ ይዘጋል። ማንም ክፉ አልሆነም፤ ግን ልጁ አልታየም።

ቅጹ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበረው። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ በየርዕሱ ስለሚቆራርጠው፣ ፋይሉን አዲስ የተረከበ ሰው ተከታታይ ታሪክ አያገኝም። ሦስት ልጆች ካሉ ተመሳሳይ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። መገልበጥ ደግሞ የአንዱን ልጅ ስም በሌላው ፋይል ውስጥ ያስቀራል። ይህ ቀላል ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሙሉውን ማስረጃ ያስጠረጥራል።

ኮንታክትፖይንት የተባለውን የመረጃ ቋትም አንርሳ። በአገሪቱ ያሉ 11 ሚሊዮን ልጆች ሁሉ እንዲመዘገቡበት፣ የትኛው ባለሙያ የትኛውን ልጅ እንደያዘ እንዲታይበት የታሰበ ነበር። 224 ሚሊዮን ፓውንድ ፈሰሰበት፤ በነሐሴ 2010 አዲሱ መንግሥት ዘጋው። የቪክቶሪያ ችግር ስልክ ቁጥር ማጣት አልነበረም። ባለሙያዎቹ ተደዋውለዋል፣ ፋክስም ተላልከዋል። የተላለፈውን ነገር ትርጉም የመረመረው ሰው ነው የጠፋው።

ከዚያ ፒተር ኮኔሊ፣ ገና የ17 ወር ሕፃን፣ በነሐሴ 2007 ቪክቶሪያ መጨረሻ ላይ በኖረችበት በለንደኑ የሃሪንጌ ካውንስል ውስጥ ሞተ። በጥበቃ ዕቅድ ሥር ነበር፤ በስምንት ወር ውስጥ ባለሙያዎች 60 ጊዜ ያህል አይተውታል። ጉዳዩ በኅዳር 2008 ይፋ ሲሆን የጋዜጦቹ ቁጣ ነደደ። ላሚንግ በ2009 ተመልሶ 58 ምክር ጨመረ።

የወንዝ ዳር

የቁጣውን ውጤት በቁጥር ላክልበት። ካውንስሎች ልጆችን ከቤተሰብ ለማውጣት ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማመልከቻ በ2008–09 ከ6,500 አካባቢ ተነሥቶ በ2012–13 ከ11,000 አለፈ፤ በ2016–17 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሆነ። ጉዳት በዚያ ፍጥነት ስላደገ ነው ማለት ያስቸግራል። ፍርሃት የውሳኔውን ሚዛን አዘንብሎታል።

ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን ያዘነበለበትም ጊዜ አለ። በ1987 ክሊቭላንድ ውስጥ 121 ልጆች በጥቂት ወራት «ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል» ተብለው ብዙዎቹ ከቤታቸው ተወሰዱ፤ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ቤተሰብ ተመለሱ። በኤልዛቤት በትለር ስሎስ የተመራው አጣሪ በ1988 ያወጣው ሪፖርት ከ1989ኙ የሕፃናት ሕግ በስተጀርባ ካሉት ግፊቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ኮሚሽን ሲቋቋም «ይህ የተቋቋመው ልጅ በመሞቱ ነው ወይስ ልጅ ያለአግባብ በመወሰዱ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሪፖርቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ቀድሞ ይነግራችኋል።

ጤፍ ቅንጣት

መንሮ ላይ እኔ ልጻፍ። ሪፖርቷ በእኔ እምነት ከሁሉም የበለጠ አስተዋይ ነው፤ የጠየቀችው ጥያቄ የተለየ ነውና። «ሰዎቹ ለምን ሕጉን አልተከተሉም?» አላለችም። «ጥሩ ሰዎች በቅንነት የጻፏቸው ደንቦች ሲደራረቡ ለምን መጥፎ ሥራ ይወልዳሉ?» አለች።

አንድ ማስረጃዋ ብቻ ይበቃል። የመሥሪያ ቤቶችን የጋራ አሠራር የሚደነግገው የመንግሥት መመሪያ በ1974 ሰባት ገጽ ነበር፤ በ2010 ግን 390 ገጽ ደርሷል። ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ማንም ሠራተኛ 390 ገጽ በልቡ ይዞ ቤት አያንኳኳም።

15 ምክሮች ሰጠች። የመጀመሪያና ጥልቅ የሚባለው ክፍፍል እንዲቀር፣ አገር አቀፍ ቀነ ገደቡም እንዲነሣ፤ በየካውንስሉ ገና ቤተሰብ የሚጎበኝ፣ ከሥራው ያልራቀ ዋና ሶሻል ወርከር እንዲሾም፤ ከሞት በኋላ የሚደረገው ምርመራ «ማን ጥፋተኛ ነው» ከማለት ወጥቶ «ያን ዕለት ያ ውሳኔ ለምን ልክ መሰላቸው» ወደሚል እንዲዞር። ክፍፍሉ ቀረ። ሹመቱም ተፈጸመ። በ2013 የወጣው መመሪያ ወደ 97 ገጽ ወረደ።

አንዱ ግን ወደቀ፤ እሱም ገንዘብ የሚያስወጣው ነበር። ካውንስሎችና አጋሮቻቸው ችግር ሳይከር ቤተሰብን የመርዳት ሕጋዊ ግዴታ ይኑርባቸው ብላ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ነገር ማለት ነው። መንግሥት ያለው ሕግ ይበቃል ብሎ ተወው። ግዴታ ያልሆነ አገልግሎት በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ይቆረጣል፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የሆነው ይኸው ነው።

ደጀ ሰላም

በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። ቀነ ገደብን እንደ ጠላት መሣል አልወድም። ቀነ ገደብ ከመምጣቱ በፊት ፋይል መሳቢያ ውስጥ ወራት ይተኛ ነበር። መንሮ አገር አቀፍ ገደቡ ይነሣ ብላለች፤ መንግሥት ግን በ2013 ሁለቱን ጨፍልቆ 45 የሥራ ቀን አደረገው። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ለትንሽ ሕፃን ሦስት ወር የሕይወቱ እኩሌታ ሊሆን ይችላል።

በፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው። በዴቪድ ኖርግሮቭ የተመራው የቤተሰብ ፍትሕ ግምገማ (2011) ካመጣቸው ነገሮች ዋናው የ26 ሳምንት ገደብ ነው፤ በ2014ቱ ሕግ ጸደቀ። ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ ከዓመት በላይ ሲንከባለል ልጁ ከአሳዳጊ አሳዳጊ ይዘዋወር ነበር። ገደቡ ዛሬም በብዙ ፍርድ ቤቶች ይጣሳል፤ ግን መለኪያው በመኖሩ መጣሱ ይታወቃል።

ጤፍ ቅንጣት

ደጀ ሰላም፣ እቀበላለሁ። የምለየው ይህን ነው፦ ገደቡ «ልጁን መቼ አየሽው?» ላይ ሲቀመጥ ልጁን ይጠቅማል። «ቅጹን መቼ ዘጋሽው?» ላይ ሲቀመጥ ቅጹን ይጠቅማል። 45ቱም ቀን እንደ ኢላማ ከተያዘ ያው ነው፤ በ10 ቀን የሚያልቀው ጉዳይ እስከ 44ኛው ቀን ይጎተታል።

አደይ 21

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ሂደቱን እንደምናውቀው አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት። አንድ ሰው ስልክ ከደወለ በኋላ በተግባር ምን ይሆናል? ቀኖቹን ብትነግሩን ሪፖርቶቹን ለማንበብ ይረዳናል።

ዳር ድንበር

እውነትሽን ነው። ጥቆማው ለካውንስሉ ሲደርስ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ይወሰናል። ወይ ይዘጋል፣ ወይ በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 17 «እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ» ተብሎ ይመዘናል፣ ወይ ከባድ ጉዳት ተጠርጥሮ ካውንስሉ፣ ፖሊስና ጤና በአንድ ተገናኝተው ይመክራሉ። የአንቀጽ 17 እርዳታ በወላጅ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ከምክክሩ በኋላ የሚከፈተው የአንቀጽ 47 ምርመራ ግን ፈቃድ አይጠብቅም። ብዙ ወላጆች ሁለቱን ያምታታሉ። ስለዚህ «በየትኛው አንቀጽ ነው የመጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

አንቀጽ 47 ከተከፈተና ስጋቱ ከጸና፣ ምክክሩ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ጉባኤ ይጠራል። ወላጆች ይገኛሉ። ልጁ በጥበቃ ዕቅድ ሥር ከገባ ዋና ቡድኑ (ዕቅዱን የሚፈጽሙት ባለሙያዎችና ወላጆቹ) በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያው ክለሳ በሦስት ወር፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይደረጋል።

አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት እስከ 72 ሰዓት ልጁን ሊይዝ ይችላል። የፍርድ ቤቱ አስቸኳይ ትእዛዝ 8 ቀን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ 7 ቀን ይራዘማል። ሶሻል ወርከር በራሷ ሥልጣን ልጅ መውሰድ አትችልም፤ ይህን በእኛ ሰው ዘንድ ብዙው አያውቅም።

ሐረግ ሬሳ

ሰላም ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ። ለንጽጽር ያህል አጭር ነገር ልጨምር። አሜሪካ በጥር 2013 በጸደቀ ሕግ 12 አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቁማ ነበር፤ ስድስቱን ፕሬዚዳንቱ፣ ስድስቱን ኮንግረሱ ሾሙ። ሰብሳቢው ዴቪድ ሳንደርስ ነበሩ። ሪፖርቱ በመጋቢት 2016 ወጣ። ሥራው በበደልና በቸልተኝነት የሚሞቱ ልጆችን ማስቀረት ነው።

አስተማሪው ግኝት ይህ ነው። ቀደም ሲል ስለ ልጁ ጥቆማ መድረሱ፣ ጥቆማው «አይረባም» ተብሎ የተዘጋም ቢሆን፣ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው በጉዳት የመሞት አደጋ እንዳለበት ከሚጠቁሙት ሁሉ ብርቱው ምልክት ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ ከሦስት ዓመት በታች ናቸው። ስለዚህ ስለ ጨቅላ ሕፃን የመጣን ጥቆማ በስልክ ብቻ መዝጋት አደገኛ ነው። ኮሚሽኑ ክልሎች ያለፉትን አምስት ዓመታት ሞት ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲመረምሩ፣ ከዚያም ዛሬ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉትን ልጆች ፈልገው እንዲያዩ መከረ። የሞቱን ቁጥር በቀን ከአራት እስከ ስምንት ልጅ ብሎ በሰፊ ክልል ማስቀመጡ ራሱ አገሪቱ በትክክል እንደማትቆጥር ያሳያል።

ፋኖስ

ሐረግ ሬሳ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ወደ ማክአሊስተር ልለፍ።

ሥራው በመጋቢት 2021 ተጀምሮ ሪፖርቱ ግንቦት 23 ቀን 2022 ወጣ። እንደ ሌሎቹ በአንድ ሞት ምክንያት የተጠራ አይደለም፤ ሙሉውን የሕፃናት ማኅበራዊ እንክብካቤ ከነወጪው ያየ ነው። ስሌቱ ግልጽ ነበር። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ከቤተሰብ ወጥተው በካውንስል እንክብካቤ ሥር ያሉ ልጆች ከ80,000 ተነሥተው በአሥር ዓመት ወደ 100,000 ይጠጋሉ፤ ዓመታዊ ወጪውም ከ10 ቢሊዮን ወደ 15 ቢሊዮን ፓውንድ ያድጋል። ይህን ለመግታት በአራት ዓመት 2.6 ቢሊዮን ተጠየቀ። ቅድመ እርዳታንና አንቀጽ 17ን «የቤተሰብ እርዳታ» በሚል አንድ ላይ ማድረግ፣ ከባድ ጉዳት ሲጠረጠር ልምድ ያለው የጥበቃ ባለሙያ አብሮ እንዲይዝ፣ ለአያትና ለአክስት አሳዳጊዎች ድጋፍ፣ ይህን የመሰለ ነው ፍሬ ነገሩ።

የመንግሥት መልስ በየካቲት 2023 መጣ፦ በሁለት ዓመት 200 ሚሊዮን። ዶርሴት፣ ሊንከንሻየርና ዎልቨርሃምፕተን የመጀመሪያ መሞከሪያ ሆኑ። ከአሥራ ሦስት አንድ እጅ በሚሆን ገንዘብ ሙሉ ለውጥ አይመጣም። ቅድመ እርዳታ የሚሠራው ለጥቂት ዓመታት ሁለቱን ወጪ አብሮ መሸከም ሲቻል ነው፤ ዛሬ የሚረዳው ቤተሰብ የሚያተርፈው ብር የሚታየው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ግን አሁን በእንክብካቤ ሥር ላሉት መክፈል አይቀርም። ግማሹን ብቻ ከከፈልክ አሮጌውም አይዘጋም፣ አዲሱም አይቆምም።

ከ2025 ወዲህ ግን ጥሩ ነገር አለ። ለቤተሰብ እርዳታና ለመከላከል ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተመደበ። በታኅሣሥ 2024 ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግም በየአካባቢው የፖሊስ፣ የጤናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ያሉበት የጥበቃ ቡድንና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መለያ ቁጥር ያዛል። ስለ መለያ ቁጥሩ ግን የኮንታክትፖይንት ጠባሳ ስላለ ዓይኔን አልነቅልም።

ደጀ ሰላም

አንድ ሰው አዲስ ሪፖርት ሲወጣ ከየት ይጀምር? 300 ገጽ ማን ያነባል?

የወንዝ ዳር

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሥራውን የሰጠበትን ደብዳቤ አነባለሁ። «ምን እንዳይመረምር ተነገረው?» ብዙ ጊዜ የበጀት ጥያቄ የሚዘጋው እዚያ ነው። ቀጥሎ ምክሮቹን አያለሁ፤ እያንዳንዱ ባለቤት አለው ወይ? «ባለድርሻ አካላት ሊያጤኑት ይገባል» የሚል ምክር የማንም አይደለም። «ሚኒስቴሩ እስከዚህ ቀን መመሪያውን ይቀይር» የሚለው ግን ማንን እንደምትጠይቁ ይነግራችኋል። ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ የሚወጣውን የመንግሥት መልስ ጎን ለጎን አስቀምጬ «ተቀብለናል» እና «በመርህ ተቀብለናል» የሚሉትን እለያለሁ። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ የለም» ማለት ነው። እውነተኛው ሪፖርት ያ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው፣ የሚሰረዘውን ፈልጉ። አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ስብሰባ፣ አዲስ ሥልጠና ካዘዘና አንድም ነገር ካልሰረዘ፣ ጊዜው የሚወጣው ከቤት ጉብኝት ነው።

አደይ 21

የቪክቶሪያን ታሪክ ሳነብ የእኛን ሰው አሰብኩ። ከአገር ቤት የዘመድ ልጅ አምጥቶ ማሳደግ በባህላችን ነውር የለውም፣ እንዲያውም ምግባር ነው። በእንግሊዝ ሕግ ይህ ምን ይባላል?

ዳር ድንበር

ጥያቄሽ ወሳኝ ነው፤ ላሚንግም በዚህ ጉዳይ ላይ ሕጉ እንዲከለስ መክሮ ነበር። «የግል አሳዳጊነት» ይባላል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ (የአካል ጉዳት ካለበት ከ18 በታች) ከወላጁ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር 28 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲኖር ከታሰበ ለካውንስሉ መነገር አለበት። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት አስቀድሞ፤ ድንገተኛ ከሆነ ልጁ በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ። አለማሳወቅ ወንጀል ነው።

የሚያሳስተው «ቅርብ ዘመድ» የሚለው ነው። ሕጉ የሚያውቀው አያትን፣ ወንድምና እህትን፣ አጎትና አክስትን፣ የእንጀራ አባትና እናትን ብቻ ነው። እኛ ግን የእናታችንን የአጎት ልጅ «አክስቴ» እንላለን። የአባት አክስትም «አክስት» ናት። የክርስትና እናት ደግሞ ከሁሉ የቀረበች ናት። በሕጉ ዓይን ሦስቱም ቅርብ ዘመድ አይደሉም። ቅጽ ላይ «አክስት» ብሎ መጻፍ ሐሰት ለመናገር ባይታሰብም ችግር ይፈጥራል። ዝምድናውን ዘርዝሮ «የእናቱ የአጎት ልጅ» ብሎ መጻፍ ነው።

ካሳወቃችሁ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሶሻል ወርከር ትመጣለች። ቤቱን ታያለች፣ ልጁን ለብቻው ታነጋግራለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ12 ሳምንቱ ትመለሳለች። ይህ ልጅ ለመንጠቅ የሚደረግ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤትና ሐኪም እንዳለው፣ የሚበላና የሚተኛበት ቦታ እንዳለው ለማየት ነው። ከላሚንግ በኋላ አሳዳጊዎቹ እንዲመዘገቡ የማስገደድ ሥልጣን በ2004ቱ ሕግ ተጽፎ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ ሥርዓቱ የቆመው ሰዎች ራሳቸው በማሳወቃቸው ላይ ብቻ ነው።

ምሥራቅ በር

ልጁን ለብቻው ስታነጋግረው አማርኛ ብቻ የሚችል ከሆነስ? አሳዳጊዋ ልታስተረጉምለት ትችላለች?

ዳር ድንበር

አትችልም፤ አይገባምም። ቪክቶሪያ ፈረንሳይኛ ነበር የምትናገረው፤ በቋንቋዋ በአስተርጓሚ በወጉ የጠየቃት አልነበረም። ላሚንግ ለዚህ ራሱን የቻለ ምክር ጽፏል፦ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋው ያልሆነን ልጅ ለጥበቃ ጉዳይ ሲያነጋግሩ አስተርጓሚ ግዴታ ነው። አስተርጓሚ የሚያቀርበው ካውንስሉ ነው፣ ወጪውም የእሱ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ» ብሎ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ልጁ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ከሆነም እሱኑ፤ «ኢትዮጵያዊ ነው» ብቻ ብሎ መተው የማይግባባውን አስተርጓሚ ያስልካል። አስተርጓሚው ከዚያው ማኅበረሰብ የሚታወቅ ሰው ከሆነና ልጁ ከፈራው፣ ሌላ ይምጣልኝ ወይም በስልክ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል።

አደይ 21

ልጁ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ከሆነስ? ሳያውቁ የቆዩ ሰዎች አሉ።

ዳር ድንበር

የሚቆጠረው የቆየበት ቀን ብቻ አይደለም፤ 28 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከታሰበ ግዴታው ያኔውኑ ጀምሯል። ዛሬውኑ ለካውንስሉ የሕፃናት ክፍል ይደወል፤ የተደወለበት ቀንና ያነጋገረው ሰው ስም ይመዝገብ፣ ከዚያ በኢሜይል ይደገም። ዘግይቶ የተናገረ ሰው ዘግይቷል፤ ተደብቋል ግን አይባልም።